የስድስት መቶ ዓመቱ ጦር

አንድ ቀን ጎጃም ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ከከተማ አራት ሰዎች በላንድክሩዘር መጡ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የመሰለ ነገር ያለው ረጅም ዘንግ ይዘው ሜዳ ለሜዳ መዞር። ዘንጉ ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ «ጢጥ ጢጥ» ይላል፤ እነሱም ይቆፍራሉ። ከወረዳ ደብዳቤ አጽፈዋል፣ ራሳቸውንም «የቅርስ አፍቃሪዎች» ብለው ይጠራሉ። አለቃቸው አቶ ፍሥሐጽዮን የኢንሹራንስ ጡረተኛ ናቸው። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሰው፣ አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ማኅበራቸው ከምድር ያወጣው ሀብት የቢራ ቆርኪ፣ የሰርዲን ጣሳና አንድ የተጣመመ ማንኪያ ነበር። ማንኪያውንም አቶ ፍሥሐጽዮን «የንግሥት ነው» ብለው በጥጥ ጠቅልለው ቤታቸው አስቀምጠውታል።

በዚያች ቀበሌ ይርዳው የሚባል አፉን የማይከፍት፣ ከከፈተ ግን የማይስት ገበሬ አለ። የይርዳው መከራ ጎረቤቱ ነው። አያ ቢሻው በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ድንበር እየገፋ ኖሮ፣ ይርዳው ወባ ጥሎት የከረመ ጊዜ ግን ትልም መቁጠሩን ተወና ከግራሩ በታች ያለውን ቁራሽ መሬት ጠቅልሎ አረሰው። ቁራሹ ለይርዳው ቤት የግማሽ ዓመት ቀለብ ነበር። ይርዳው ሲድን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ምስክር አምጣ» አሉት። ምስክር ከየት ይምጣ? የሀገሩ ሰው ሁሉ በእርሻ ወቅት በሬ የሚዋሰው ከአያ ቢሻው ነው። ዳኝነቱን የያዙት መሪጌታ ጥሩነህም እውነቱ እየገባቸው ያለ ምስክር መፍረድ አቅቷቸው ተቀመጡ።

እንግዲህ ያ ዘንግ ዞሮ ዞሮ ጮኾ የቆመው ከግራሩ በታች፣ እዚያችው ቁራሽ መሬት ላይ ነው።

«እዚህ ጋ ከባድ ነገር አለ!» አሉ አቶ ፍሥሐጽዮን።

ሰው ሁሉ ግር ብሎ ወጣ። አያ ቢሻው ጋቢውን እየጎተተ ከፊት ደረሰ።

«የእኔ መሬት ነው! ቅድመ አያቴ በችግር ቀን ብር ቀብሯል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ እሰማለሁ። ማንም እንዳይነካው!»

ተቆፈረ። ብር የለም። አፈር የበላው፣ ጫፉ የሾለ፣ ስንዝር የማይሞላ ብረት ወጣ። ይርዳው አንድ ጊዜ አየት አደረገውና ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም።

አቶ ፍሥሐጽዮን አጉሊ መነጽራቸውን ደቅነው ብረቱን ሦስት ጊዜ አገላበጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወገኖቼ፣ ይህ የጦር ጫፍ ነው! አቀጣቀጡን እዩልኝ። ቢያንስ ስድስት መቶ ዓመት ይሆነዋል። እዚህ ቦታ ላይ ታላቅ ጦርነት ተደርጓል!»

«ጦርነትስ አለ» አለ ይርዳው፣ ለራሱ ያህል።

ከዚያ ወደ እንግዳው ጠጋ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። «ጌታው፣ እንዲያው ላለማወቄ ነው። እንዲህ ያለ ቅርስ የተገኘበት መሬት ምን ይደረጋል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው! ይታጠራላ! እኔ ዛሬውኑ ለሚመለከተው ክፍል አመለክታለሁ። ሃምሳ እርምጃ ዙሪያው ሞፈር አይገባም። ባለመሬቱም ቀንና ሌሊት ይጠብቃል። አንዲት ጠጠር ብትጎድል ተጠያቂው እሱ ነው።»

«ደመወዝ አለው?» አለ አያ ቢሻው።

«ክብር አለው!»

አያ ቢሻው ፊቱ ጠቆረ። ቆፋሪዎቹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ከሃምሳው እርምጃ ወዲያ ለአጨዳ የደረሰ ጤፉን አየ። ከዚያ ሳቅ ለመሳቅ ሞከረ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ቅድም ቸኩዬ ነው! መሬቱ የይርዳው ነው እኮ። ሲታመምብኝ መሬቱ ጦም እንዳያድር ብዬ በጉርብትና አረስኩለት እንጂ የእኔ አይደለም። መሪጌታ፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

መሪጌታ ጥሩነህ ጢማቸውን አሻሹ። «ሦስት ጊዜ ስንቀመጥ እንዲህ አላልክም ነበር።»

«ዛሬ አልኩ! ማተቤን ይዤ አልኩ!»

ሰው ሁሉ ወደ ይርዳው ዞረ። ይርዳው አንገቱን ደፋ፤ እንደ ከበደው ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። «አይ አያ ቢሻው፣ ምን ዓይነት ሸክም ነው የጣልክብኝ? ግን የአባቴ መሬት ነው፣ እንቢ ብል ደግሞ ነውር ነው። ነገ እንዳትከዳኝ በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

«አምጣ ወረቀት!» አለ አያ ቢሻው፣ አጥሩ ሳይደርስበት ለማምለጥ ተጣድፎ። አቶ ፍሥሐጽዮን ከአንዱ ኪሳቸው ወረቀት፣ ከሌላው ብዕር አወጡ። መሪጌታ ጻፉ፤ «ከግራሩ በታች ያለው መሬት ከጥንት ጀምሮ የይርዳው ነው፤ እኔ ድርሻ የለኝም» የሚል። አያ ቢሻው ፈረመ፣ ምስክሮችም ፈረሙ። ያን ቀን ምስክር ለመሆን ያልተጋፋ አልነበረም።

ቀለሙ ሳይደርቅ ይርዳው «አንድ ጊዜ» ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሲመለስ ጫፍ የሌለው አሮጌ ማረሻ ይዟል። ከአቶ ፍሥሐጽዮን እጅ የስድስት መቶ ዓመቱን ጦር ተቀብሎ ስብራቱን ከስብራቱ ገጠመው። ልክክ አለ።

«እዚህ ሳርስ ድንጋይ መትቶ የሰበረብኝ ነው» አለ። «ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው።»

ሀገር በሳቅ አለቀ። አያ ቢሻው ግን «ወረቀቱ ይቀደድ! ቅርስ ከሌለ አጥርም የለም!» ብሎ ጮኸ።

መሪጌታ ወረቀቱን አጣጥፈው ካባቸው ውስጥ ከተቱ። «ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ብረት የሚል ቃል የለም። የጻፍነው ስለ መሬት ነው።»

አቶ ፍሥሐጽዮን ግን ሳቁ አልጣማቸውም። ተዋርደዋል።

«አንተ ሰው!» አሉት ይርዳውን። «ይሄን ሁሉ ሰዓት አጠገቤ ቆመህ፣ በሰው ፊት ስዘባርቅ እየሰማህ፣ ብረቱ ገና ሲወጣ ‹ማረሻዬ ነው› ብትለኝ ምናለበት?»

ይርዳው ማረሻውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ያኔ ብነግርዎማ ጌታው፣ የማገኘው ማረሻዬን ብቻ ነበር።»