የምታለቅሰው ጓል

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። እዚያ ጥግ ያላችሁት አፋችሁን እንኳ አልከፈታችሁም። ለማንኛውም ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ አገር፣ አንድ ትልቅ ረግረግ ነበር። ጭቃው ጥቁር ነው። ተቆርጦ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይነዳል። የአገሩ ሰው ጥቂት ይቆርጥና የሣሩን ክዳን መልሶ ያለብሰዋል። ረግረጉም ቁስሉ ይሽርለታል።

ኋላ ብርድ የሚፈራ ንጉሥ ነገሠ። ዝም ብላችሁ ቁረጡ፣ ክዳን መመለስ ሥራ መፍታት ነው አለ። ቆረጡ፣ ቆረጡ፣ ጨረሱት። ምንጩ ደረቀ። ጉድጓድ ብቻ ቀረ።

ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ረግረጉ ገና ሳይደርቅ፣ ባሏን ሽበሺን ጭቃ ሲቆርጥ ዋጠው። ያየ ሰው የለም። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ጎረቤቶቿ መቼ ሞተና፣ ቆላ ወርዶ ሌላ አግብቶ ነው ይሏታል። እሷ ግን አጥንቱን አግኝታ በወጉ ልትቀብረው ትፈልጋለች። ሌላ ምኞት የላትም።

በጉድጓዶቹ የቀረው ጭቃ የሚረገጠው በውርጭ ወራት ነው፣ ሲደድር። ያኔ ማለዳ ማለዳ ዱላዋን ይዛ ትወጣለች።

ፍልፈልን አገኘች። ባሌን አላየህም አለችው። ቤቴን ቆርጠው ወስደውብኝ ከየት ልይልሽ ብሎ አለቀሰ።

ቀይ ቀበሮን አገኘች። ባሌን አላየህም አለችው። የምበላው ፍልፈል አልቆ ዓይኔ ፈዟል ብሎ አለቀሰ።

በመጨረሻው ጉድጓድ እንቁራሪት አገኘች። ባሌን አላየሽም አለቻት።

«አይቼዋለሁ» አለች እንቁራሪት። «ግን ጉሮሮዬ ደርቋል። የረግረጉን እናት፣ ውሃ የምታፈልቀውን ጓል፣ ንጉሡ ወስዷታል። እሷን አምጪና አሳይሻለሁ።»

ይርገዱ ወደ ንጉሡ ሄደች። ጓሏ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። እሳት ውስጥ ሲጨምሯት አልነድ ብላ ውሃ ታነባለች። ንጉሡ ግን የማይጠቅመውንም ቢሆን የያዘውን የሚለቅ ሰው አይደለም። ይርገዱም እንደ ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ምን ሆንሽ፣ አንቺ ሴትዮ?» አላት።

«ለቅሶ ልደርስ መጣሁ፣ ጃንሆይ።»

«ማን ሞተ?»

«እስካሁንማ ማንም። ግን ያቺ ጓል ማልቀስ ጀምራለች። ሰው ሳይሞት በቤቱ የሚለቀስበት ባለቤት ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ።»

ንጉሡ ሟርት ይፈራል። ይዘሽልኝ ውጪ አላት። እሷ ደግሞ መጀመሪያ ለቅሶዬን ልጨርስ አለች። በናትሽ ብሎ ለመናት። ንጉሥ ሲለምን ማየት ያስቃል፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጓሏን ታቅፋ ወደ እንቁራሪት ጉድጓድ ተመለሰች።

«ባልሽ እዚሁ ከሥሬ ነው» አለቻት እንቁራሪት። «ሲሰምጥ የውሃውን የመጨረሻ ሥር ጨብጧል። ቆፍረሽ ካወጣሽው ሥሩ ይበጠሳል። ጓሏን እላዩ ካስቀመጥሽ ውሃው ይመለሳል፤ እሱን ግን ዳግመኛ አታገኚውም።»

ይርገዱ ውርጩ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ እስክትሞቅ ተቀመጠች። ከዚያ ጭቃውን በጣቷ ቀስ ብላ ጫረች። እጁን አገኘችው። ይዛው ቆየች።

«ቆላ አልወረድክም» አለችው።

ጓሏን እላዩ አስቀመጠች። ሣር ከነሥሩ አምጥታ አለበሰችው።

ውሃው መጣ። እንቁራሪት ጮኸች፣ ፍልፈል ቤቱን ሠራ፣ ቀበሮም ጠገበ። ጎረቤቶቿ እንስራቸውን ይዘው መጡ። ውሃውን እየቀዱ፣ ባሏ እኮ ቆላ ገብቶ ቀረ ይባባላሉ። ይርገዱ ትሰማለች። ብትነግራቸው ካላየን ብለው ይቆፍሩታል። ስለዚህ ዝም አለች። ውርጭ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ምንጩ ዳር ትቀመጣለች።

ልጆች፣ ከመሬት ስትወስዱ ክዳኑን መልሱ። ሰውም አትሙ፤ የምትጠጡትን ውሃ የማን እጅ እንደያዘላችሁ አታውቁም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ግን ዳቦው ይቅርና የምንጭ ውሃ አቅምሱት።