ለአጅር የተጠየቀች ልጅ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከትልቁ መስጂድ ጀርባ፣ ሸህ ጡሃ የሚባሉ ኪታብ አስቀሪ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ አብራቸው ያለችው ልጃቸው መኪያ ነበረች። መኪያ ከተወለደች ጀምሮ ግራ እጇ ከክርኗ በታች የለም። የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ቁርአን የምታስቀራው ግን እሷው ናት። አዲስ የመጣች ልጅ ክንዷ ላይ ስታፈጥ፣ መኪያ እጅጌዋን ሰብስባ ታሳያትና፣ «አላህ የፈጠረኝ እንዲህ ነው። አይተሽ ከጨረስሽ፣ በይ አሊፍ በይ» ትላታለች።

ገበያው ግን፣ «አባቷ ቢያልፉ ማን ይሰበስባታል?» እያለ ያወራ ነበር።

አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ፣ አብራር የሚባል ወጣት ነጋዴ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«አባባ፣ የመጣሁት መኪያን ልጠይቅ ነው። ሌላ ሰው እንደማይጠይቃት አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለአላህ ብዬ፣ አጅሩን፣ ምንዳውን ፈልጌ ላግባት» አለ።

ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ!» አሉ። ሸህ ጡሃም ይህን ቀን በዱዓ ሲለምኑት ኖረዋል። ሆኖም «የምትጠየቀው እሷ ናት» ብለው ልጃቸውን አስጠሩ።

መኪያ ክንዷን ሳትሸፍን ገብታ ተቀመጠች።

«አብራር፣ አላህ ይስጥህ። አጅር ፈልገህ ከሆነ ሚስኪኖቹ መስጂዱ በር ላይ አሉ። እኔ የምመኘው ወዶኝ የሚያገባኝን ባል ነው። ሰደቃ አይደለሁም።»

የሸሁ እህት ዘምዘም ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ልጅ ናት፣ አትስማት! ከዚህ በኋላ ማን ይመጣል?» አሉ።

ሸሁ ግን ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ «መልሷን ሰምታችኋል» አሉ። እንግዶቹ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ከተማው አባትና ልጅን ለወራት አማ። መኪያም አንዳንዴ ይከፋት ነበር። አባቷ «ተጸጸትሽ?» ሲሏት ግን፣ «ወላሂ አልተጸጸትኩም» ትላቸዋለች።

ከረመዳን በኋላ አብራር ብቻውን መጣ።

«አባባ፣ ያን ቀን ማዋረዴ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ዐፍው ትበለኝ። የእህቴ ልጅ እሷ ዘንድ ቁርአን ትቀራለች፤ ስለ እሷ አውርታ አትጠግብም። ያኔ ሳላውቃት ጠየቅኋት። አሁን እሺ ብትለኝ ደስታው የእኔ ነው።»

መኪያ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ስትሰማ ቆይታ ወጣችና፣ «አሁን እኔን ጠየቅኸኝ» አለችው። ኒካሑም ታሰረ።

በሰርጉ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «ሸህ ጡሃ፣ ያኔ እንዴት ጨክነው መለሱት?» ሲሏቸው፣ ሸሁ፣ «አላህ ሳያጎድል የሰጠኝን ልጅ፣ እኔ አጉድዬ አልድርም» አሉ።

ወገኖቼ፣ የለመኑት ነገር በር ድረስ ሲመጣ፣ ክብር የሚነካ ከሆነ መመለስ ከባድ ሰብር፣ ትልቅ ትዕግስት ይጠይቃል። እዝነት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በእዝነት ስም ስንቱን ሰው ዝቅ አድርገን አይተናል? መኪያ ዋጋዋን ታውቅ ነበር። አባቷ ደግሞ ያንን በሰው ፊት አጸኑላት።