ንስሯ በሰፊው የዞረችበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ገደሎች ፊት ለፊት በተገተሩበት ሸለቆ ውስጥ አንዲት ንስር ትኖር ነበር። ክንፏን ስትዘረጋ የጎጆ በር ትጋርዳለች። የሸለቆው እንስሳት ግን የሚያደንቋት ክንፏ ስለሰፋ አልነበረም፤ የክንፏን ልክ ስለምታውቅ ነበር።

በጋውን ሙሉ ስትለማመድ አይተዋታል። ድንጋይ በጥፍሯ ታነሳና ከገደሉ አፋፍ ተነስታ ትዞራለች፤ መጀመሪያ በሰፊው፣ ቀጥሎ ጠበብ አድርጋ፣ ከዚያም ይበልጥ ጠበብ አድርጋ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድንጋዩን ትጥልና ታርፋለች። በማግስቱ ከተንቀጠቀጠችበት መጠን ትንሽ መለስ ብላ ትዞራለች እንጂ አታልፈውም።

አንድ ቀን አህያ ሣር ሲግጥ ቆይቶ ቀና አለና ጠየቃት።

«እመት ንስር፣ ድንጋዩ እንደሆነ ያው አንድ ድንጋይ ነው። ቀጥ ብለሽ ስትበሪ አልከበደሽም፤ ስትዞሪ ምን ነካሽ?»

«ድንጋዩማ ያው ነው» አለች ንስሯ። «ግን ክንፌን ወደ ጎን አጋድሜ በጠባቡ ስዞር ሁለት ድንጋይ ይሆንብኛል። የራሴም ሰውነት እጥፍ ይከብደኛል። ቁልቁል ተወርውሬ ድንገት ቀና ስልማ ሦስት አራት የተሸከምኩ ነው የሚመስለኝ። ያን ሁሉ የሚችለው ይሄው አንድ ክንፍ ነው።»

አህያ ጆሮውን አቆመ። የጭነት ነገር ከሆነ እሱም ያውቃል።

«እውነትሽን ነው። ሁለት ስልቻ እህል ጭኜ በሜዳ ስሄድ ምንም አይለኝም። ቁልቁለት ላይ ሮጬ ድንገት ቀጥ ያልኩ ቀን ግን ያው ስልቻ ወገቤን ሊሰብረኝ ነበር። ጠፍሩም ተበጠሰ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ ነው የምቆመው።»

ክረምት ገባ። ያን ዓመት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በወንዙ መካከል ባለች አንዲት ጉብታ ላይ ጥንቸል ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከበበች። ውሃው እየጨመረ፣ ጉብታዋ እያነሰች ሄደች።

ንስሯ ከላይ አይታ ወረደች። ጥንቸል ልጆቿን ከሆዷ ሥር ሸሸገች።

«እባክሽ ተይን! ከውሃው ይልቅ አንቺን እፈራለሁ።»

«ብትፈሪኝ አልፈርድብሽም» አለች ንስሯ። «ዛሬ ግን የመጣሁት ልበላችሁ አይደለም። ልጆችሽን ስጪኝ፤ ደረቁ መስክ ላይ አህያ ይጠብቅልሻል።»

ጥንቸል ውሃውን አየች፤ ንስሯን አየች። ከዚያ ትልቁን ልጇን ገፋ አደረገችላት።

ከጉብታዋ ወደ መስኩ ለመድረስ ሁለት መንገድ ነበር። አጭሩ፣ ፊት ለፊት ያለው ገደል ሥር ደርሶ በድንገት መጠምዘዝ ነው። ረጅሙ፣ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ፣ ሸለቆው ሰፋ በሚልበት ቦታ በሰፊው ዞሮ መመለስ ነው። ንስሯ ረጅሙን መረጠች። ልጁን ይዛ ዝግ ብላ ዞረችና አህያው እግር ሥር በቀስታ አኖረችው።

ይህን ሁሉ ከመስኩ ማዶ ሆነው የሚያዩ ሁለት ነበሩ፤ ቀበሮና ጅብ።

«አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ፣ «ይቺ ንስር በጥድፊያ ከተጠመዘዘች ክንፏ ይከዳታል። የያዘችውንም ትጥላለች፣ ራሷም ትወድቃለች። አንተ መስኩ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ግባ። ልታርፍ ስትል ብድግ በልባት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መብላት ነው።»

«ንስሯንም?»

«ንስሯንም።»

«አህያውንስ?»

«እሱ ለራት ይሁንልህ። አሁን ሂድ!»

ንስሯ ሁለተኛውን ልጅ ይዛ ወደ መስኩ ዝቅ ስትል ጅቡ አፉን ከፍቶ ከቁጥቋጦው ዘለለ። ሌላ ወፍ ቢሆን ደንግጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ይመነጠቅ ነበር። ንስሯም ደነገጠች። ክንፏን ግን ልኩ እስከሚፈቅደው ብቻ ቀና አደረገችው። ትከሻዋ መንዘር ሲጀምር አውቃ መለስ አለች። እግሮቿ በጅቡ ጆሮ መካከል አለፉ፤ ጥርሱም አየር ነክሶ ቀረ፤ አፍሮ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ። እንደገና በሰፊው ዞራ መጣችና ልጁን ከወንድሙ ጎን አስቀመጠችው።

ነገር ግን ያ ሁለተኛ ዙር ጊዜ በልቶ ነበር። ወደ ጉብታዋ ስትመለስ ውሃው ከጥንቸል አንገት ደርሷል። ንስሯ አነሳቻት። እናቲቱ ውሃ የጠጣ ጠጉሯ ተጨምሮባት በጋውን ካነሳቻቸው ድንጋዮች ሁሉ ትከብዳለች። በዚህ ላይ ነፋሱ ተነሳ፤ ከገደሉ እየተመለሰ ከታችም ከጎንም ይመታት ጀመር። ንስሯ ፍጥነቷን ቀነሰች። በነፋስ መካከል የሚሮጥ ክንፍ እያንዳንዱን ምት እንደ ዱላ እንደሚቀበለው ታውቃለች።

ያኔ ጥንቸል ከላይ ሆና መስኩን አየች። ጅቡ ወደ ልጆቿ እየቀረበ ነበር።

«ልጆቼ! ልጆቼን ሊበላቸው ነው! በአጭሩ ዙሪ! በገደሉ በኩል!»

ቀበሮም ከማዶ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አዎ እመት ንስር፣ በገደሉ በኩል! አንቺን የመሰለ ኃይለኛ ምን ያስፈራዋል? እናት እያለቀሰች!»

ንስሯ ገደሉን አየችው። ቅርብ ነበር። አንድ ጊዜ ብትጠመዘዝ ከመስኩ ደረሰች ማለት ነው። ልቧ ወደዚያ ጎተታት።

«አንቺን የሚያህል ሸክም ይዤ ዞሬ አላውቅም» አለቻት ጥንቸልን። «እዚያ ጋ ከተጠመዘዝኩ እጥፍ ትሆኚብኛለሽ፤ ክንፌ ይሰበራል። ያኔ ለልጆችሽ የሚደርስላቸው የለም። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ወንዙን ተከትላ ወረደች፤ ከመቼውም በሰፋ ዙር ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። ጥንቸል እስከ መጨረሻው ጮኸች።

መስኩ ላይ አህያ ብቻውን ነበር። ቢሮጥ ያመልጥ ነበር፤ ግን ሁለቱ ልጆች ከሆዱ ሥር ናቸው።

«ዞር በል!» አለ ጅብ። «አንተ የራት ነህ፤ አሁን ጊዜ የለኝም።»

አህያ ዞረለት። ዞሮም በኋላ እግሮቹ የጅቡን መንጋጋ ረገጠው። ጅቡ ተንከባሎ ተነሳና፣ ደም እየተፋ ሁለተኛ ሊዘል አደባ። በዚህ መካከል ትልቅ ጥላ በራሱ ላይ ወደቀ። ንስሯ ዙሯን ጨርሳ፣ ክንፏ ሙሉ ሆኖ፣ ጥንቸልን እንደያዘች መጣች። ጅቡ ጅራቱን ሸጉጦ ሸሸ። ማዶ ከቀበሮ ጋር ሲጨቃጨቁ እስከ ምሽት ድረስ ይሰማ ነበር።

ጥንቸል ልጆቿን አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። ከዚያ ወደ ንስሯ ዞረች።

«ያን ሁሉ ስጮህብሽ አልሰማሽኝም እንዴ?»

«ሰምቼሻለሁ» አለች ንስሯ፤ ደረቷ ገና ከፍ ዝቅ ይላል። «እየሰማሁ መዞሩ ነው የከበደኝ። ከአንቺ ክብደት ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ።»

አህያ ቀስ ብሎ መጣና ነፋሱ በሚነፍስባት በኩል ቆመላት። የሸለቆው እንስሳትም ከየተጠለሉበት ወጥተው፣ ሳይንጫጩ፣ ክንፏን አጥፋ እስክታርፍ ድረስ በአድናቆት ተመለከቷት።

ከዚህ የምንማረው፣ ብርቱ የሚባለው የአቅሙን ልክ በደህና ቀን መርምሮ የሚያውቅና በጭንቅ ቀን ልመናም ሆነ ሙገሳ ከዚያ ልክ የማያሳልፈው መሆኑን ነው።