የአንድ መድኃኒት ስም

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዘምዘም ትባላለች። የፈለገችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የአንድ መድኃኒት ስም።

ታናሽ ወንድሟ ሙሔ ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ሰውነቱ ይፋጃል፤ ቢጠሩት አይመልስም። ዶክተር ምሕረቱ መርፌ ሊወጋው ሲል ዘምዘም እጁን ያዘችው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሆስፒታል፣ ሙሔ በአንድ መርፌ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ለጥቂት ነበር የተረፈው። የዚያን መርፌ ስም ግን አታውቅም። ሐኪሙ የያዘውን አስቀመጠ። ስሙን ካላወቀ እንደማይወጋ፣ ጊዜም እንደሌላቸው ነገራት።

ዘምዘም ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጠች። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳያት። እዚያ ሁሉም የተመዘገበው በማዘዣ ቁጥር ነው፤ የሰው ስም የሚባል የለም። እንግዲህ መድኃኒት ቤቱ ስሙን አይሰጥም፣ የማዘዣ ቁጥር ካላገኘ፤ ሐኪሙ አይወጋም፣ ስሙን ካላገኘ፤ ሙሔም እንደተኛ ነው።

ማዘዣው የተጻፈው ድንገተኛ ክፍል ነበርና ወደዚያ ሄደች። ሲስተር ፀዳለ አዘነችላት፤ ግን የእሷም ኮምፒውተር የሚያውቀው የካርድ ቁጥር ብቻ ነው። እንግዲህ ድንገተኛ ክፍሉ ማዘዣውን አይሰጥም፣ የካርድ ቁጥር ካላገኘ፤ መድኃኒት ቤቱ ስሙን አይሰጥም፣ የማዘዣ ቁጥር ካላገኘ፤ ሐኪሙ አይወጋም፣ ስሙን ካላገኘ፤ ሙሔም እንደተኛ ነው።

ካርድ ክፍል ደግሞ አቶ ጌጤ የሙሔን ስም ፈልገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሔ አሊ የሚባሉ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ የዛሬው ካርዱም አዲስ ነው። ያኔ የመጣበትን ቀን ብትነግራቸው ይለዩት ነበር፤ ቀኑ ግን ያለው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ደግሞ የካርድ ቁጥር ይላል። ዘምዘም አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አቶ ጌጤ ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሦስቱ መዝገቦች በተለያየ ዘመን የገቡ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያውቀውም ብለው የመረጃ ባለሙያዋን የወይዘሮ እመቤትን ክፍል አሳዩዋት።

እመቤት ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«እህቴ፣ ሦስቱን በአንድ ጥያቄ አገናኝቼ መጠየቅ እችላለሁ» አለች። «አሥራ አንዱን ከካርድ ክፍል እወስዳለሁ። ከእነሱ መሐል የዚያን ዓመት ፊቱ አብጦ የታከመው የቱ እንደሆነ ድንገተኛ ክፍልን እጠይቃለሁ። የእሱን ማዘዣ ይዤ መድኃኒት ቤት እገባለሁ። ግን የሰው ገመና ነው፤ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አልከፍተውም።»

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበር። ዘምዘም በሩን ገፍታ ገባች። ተቆጣ፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ቁጣው በረደ። የሐኪም ደብዳቤ ካመጣች ወዲያው እንደሚፈርም ነገራት።

ተመልሳ ሐኪሙ ፊት ቆመች። እያለከለከች፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ሥራ አስኪያጁ አይፈርምም፣ ደብዳቤ ካላገኘ፤ እመቤት አትጠይቅም፣ ፊርማ ካላገኘች፤ ካርድ ክፍሉ ቁጥሩን አይሰጥም፣ ቀኑን ካላገኘ፤ ድንገተኛ ክፍሉ ማዘዣውን አይሰጥም፣ የካርድ ቁጥር ካላገኘ፤ መድኃኒት ቤቱ ስሙን አይሰጥም፣ የማዘዣ ቁጥር ካላገኘ፤ አንተም አትወጋም፣ ስሙን ካላገኘህ፤ ወንድሜም እንደተኛ ነው።

ዶክተር ምሕረቱ አቀረቀረ። «ይህን ሁሉ መሮጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ወረቀት አስደግፎ ሦስት መስመር ጻፈ።

ሐኪሙ ቢጽፍ ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢፈርም እመቤት ጠየቀች፤ እመቤት ብትጠይቅ ካርድ ክፍሉ አሥራ አንዱን ሙሔ አወጣ፤ ድንገተኛ ክፍሉ ከአሥራ አንዱ አንዱን ለየ፣ ማዘዣውንም ሰጠ፤ መድኃኒት ቤቱ ስሙን ሰጠ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አልቆየም። እመቤት ስሙን በወረቀት ጽፋ፣ ራሷ ከዘምዘም ጋር እየሮጠች አደረሰችው።

ሐኪሙ ስሙን አነበበ። ጠዋት ሊወጋው በእጁ ይዞት የነበረው ያው መድኃኒት ራሱ ነው። ሌላ መድኃኒት አስመጣና ሙሔን ወጋው።

በሦስተኛው ቀን ሙሔ ዓይኑን ገለጠ። ዘምዘም እግሯን ዘርግታ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ያን ቀን በሕልሜ ይሁን በውኔ እንጃ፣ ስጠራሽ አጣሁሽ» አላት ቅር ብሎት። «የት ሄደሽ ነው?»

«አንተን ፍለጋ» አለችው። «አሥራ አንድ ሆነህብኝ።»

ሙሔ ትኩሳቱ ወደ እሷ የተጋባ መሰለውና ግንባሯን ዳሰሰ። እሷ ግን ትስቅ ነበር።