የግልገሎች መዋያው የይለፍ ቃል

አንድ ጊዜ፣ ድርቅ ገብቶ ጅብ በቀን ሳይቀር መዞር በጀመረበት አገር፣ እመት አህይት የምትባል አህያ የግልገሎች መዋያ ነበራት። ፍየሎችና በጎች ጠዋት ልጆቻቸውን ለእሷ አስረክበው ግጦሽ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ይወስዷቸዋል። የመዋያው በር ብረት ነው። የሚከፈተው በስልክ የይለፍ ቃል ሲጻፍለት ብቻ ነው። ቃሉን ከእመት አህይት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አያ አንበሶ አዋጅ አስነገረ። በሩን በስልክ የሚዘጋ መዋያም ሆነ ጎተራ ሁሉ ተመርምሮ የደህንነት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ታዘዘ። መርማሪው አቶ ኤሊ ነበር። አቶ ኤሊ ሥራውን ያውቃል፣ ግን እርምጃው እንደምታውቁት ነው። አስቀድሞ መልእክት ልኮ፣ ቃል ሁለት ጊዜ ሲሳሳት የሚጮህ ደወል በሩ ላይ እንድትሰቅል አዘዛት። እመት አህይት እያጉረመረመች ሰቀለች። ከዚያ ጠበቀችው። አቶ ኤሊ ግን አልደረሰም።

እናቶቹ ወረቀቱ የት እንዳለ መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ፍየል መንታ ልጆቿን ስታስረክብ ባዶውን ግድግዳ አየችና፣ «አትቀየሚኝ እመት አህይት» አለች። «ነገ ወረቀቱን እዚህ ካላየሁ ልጆቼን ወደ በሬው በረት እወስዳለሁ። ሌሎቹም የሚያወሩት ይህንኑ ነው።»

ፍየል እንደሄደች ስልኩ ጠራ።

«እመት አህይት ነዎት? ከምስክር ወረቀት ቢሮ ነው የምደውለው። የአቶ ኤሊ ረዳት ነኝ» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። የሚያወራው ቀበሮ ነበር፤ እሷ ግን አላወቀችውም። ወረቀቷ ተጽፎ ማለቁን፣ እሷን ብቻ እየጠበቀ መሆኑን ነገራት።

ከድምፁ ኋላ አንድ ነገር ያጉረመርማል።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች።

«ጄኔሬተራችን ነው። ዛሬ መብራት ጠፍቶብናል።»

ጄኔሬተር የተባለው የአያ ጅቦ ሆድ ነበር። አያ ጅቦ ከቀበሮ አጠገብ ተጋድሞ፣ ግልገሎቹን ባሰበ ቁጥር ሆዱ ይጮኽ ነበር።

«እንግዲህ የቀረን የበሩን ቃል መመዝገብ ነው» አለ ቀበሮ። «ጠንካራ ይሁን ደካማ ሳናየው እንዴት አድርገን እንመስክርልዎ?»

እመት አህይት ወደ ግልገሎቹ ዞር አለች። መንታዎቹ እግሯ ሥር እየተገፋፉ ይጫወታሉ። ባዶውን ግድግዳ አየች፤ የፍየልንም ፊት አስታወሰች። ከዚያ ቃሉን በሹክሹክታ ነገረችው። «ለምለም» ነበር።

ቀበሮ አመስግኖ፣ ወረቀቱን ከወንዙ መሻገሪያ መጥታ እንድትቀበል ነገራት። እመት አህይት ወጣች። በሩን በግንባሯ ገፍታ መቆለፉን ካረጋገጠች በኋላ ወደ ወንዙ ወረደች።

መሻገሪያው ላይ ያገኘችው አቶ ኤሊን ብቻ ነው። ከውሃው ወጥቶ ቀስ እያለ ዳገቱን ሊጀምር ነበር።

«አቶ ኤሊ፣ ረዳትዎ የት ደረሱ?»

«ረዳት የለኝም» አለ ኤሊ። ፊቷን አየና አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አወጣ። «ምን ጠየቀሽ?»

«ቃሉን ብቻ።»

«እኔ በር እመረምራለሁ እንጂ ቃል አልጠይቅም። ለእኔ ብትነግሪኝ እንኳ ፈተናውን ትወድቂ ነበር። በይ አሁኑኑ ቀይሪው።»

ስልኳን አወጣች። ወንዙ ዳር መስመር የለም። ቀበሮ ቦታውን የመረጠው ለዚህ ነበር። እመት አህይት ጉብታውን በሩጫ ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ መዋያዋ ከታች ታየ። በሩ ፊት ቀበሮና ጅብ ቆመዋል።

ገና አልገቡም። ቀበሮ ጅብ ሁሉንም እንዳይበላበት ፈርቶ ቃሉን ደብቆታል፤ ድርሻቸውን ሳይስማሙም አልከፍትም ብሏል።

«መንታዎቹ የእኔ ናቸው በል፤ ከዚያ እከፍታለሁ» ይላል።

«መንታዎቹማ የወፈሩት ናቸው።»

«ሌላው ሁሉ ያንተ ነው እኮ፣ አያ ጅቦ።»

«ሁሉ ካልክ መንታዎቹም አሉበት» አለ ጅብ።

ውስጥ ያሉት ግልገሎች ጥግ ላይ ተጠጋግተው ያዳምጣሉ።

እመት አህይት ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በከንፈሯ መጻፍ ጀመረች። ፊደሉን ትስታለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ከታች ጅብ በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ውሰዳቸው» ሲል ተሰማ። ቀበሮ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። እሷም የመጨረሻዋን ፊደል ነካች።

ቀበሮ «ለምለም» ብሎ ጻፈ። በሩ አልተነቃነቀም። ደግሞ ጻፈ። ይህን ጊዜ ደወሉ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግጦሹ ድረስ ተሰማ። በጎቹና ፍየሎቹ፣ ቀንዳቸውን ያሾሉ አውራዎችም ጭምር፣ እየጋለቡ መጡ።

«ብቻህን ልትበላ ነው ውሸት የነገርከኝ» አለ ጅብ። ቀበሮ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ጅብ ግን የተራበ ስለነበር አልሰማውም። አንዱ እየሮጠ ሌላው እያባረረ ጫካ ገቡ።

አቶ ኤሊ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በሩን መረመረና ለዛሬ ወረቀት እንደማይሰጣት ነገራት። እመት አህይት አልተከራከረችም። እናቶቹን ሰብስባ ቃሉን የሰጠችው ራሷ መሆኗን ተናገረች። ወይዘሮ ፍየል መንታዎቿን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ግን ተመልሳ መጣች። «ደብቀሽኝ ቢሆን ኖሮ አልመጣም ነበር» አለችና ልጆቿን አስገባች።

ክረምቱ ሲቃረብ አቶ ኤሊ እንደገና መጣ፤ ያኔ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። ድምፁ ሌላ ነበር፣ ትሁትም ነበር። ወረቀቷን ለማደስ የበሩን ቃል ፈልጎ እንደደወለ ነገራት። እመት አህይት ጆሮዋን አቀናች። ከኋላው ምንም አያጉረመርምም።

ቢሆንም ስልኩን ዘጋችው።

ከዚህ የምንማረው የደህንነት ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም፣ የይለፍ ቃልን ጠያቂው ማንም ቢሆን አለመናገር የባለቤቱ የዘወትር ሥራ መሆኑን ነው።