ገና ተጫዋች የሚገዛው ባለጠጋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነበረ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ ባለጠጋ ነበረ። የመጀመሪያው ሰው ምንም አልጎደለበትም፤ ጎተራው ሙሉ፣ በረቱ ሙሉ፣ ሚስቱም ደህና ሴት ነበረች። ነገር ግን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ዓይኑ በገዛ ማሳው ላይ አያርፍም፤ ቀጥ ብሎ ወንዙን ይሻገርና የዚያኛው ማሳ ላይ ነበር የሚያርፈው።

አንተ ይታገሱ ልጄ፣ «የአውሮፓ ቡድኖች ሜዳ የሚሞላ ተጫዋች እያላቸው ለምን በየዓመቱ ካምናው በሚበልጥ ገንዘብ ሌላ ይገዛሉ? የኔ ቡድንስ ለምን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል?» ብለህ ስትጠይቀኝ የታወሰኝ ይህ ሰው ነው። ቁጭ በልና ስማኝ።

ሁለቱ መንደሮች ለበዓሉ ወንዙ ዳር ባለው መስክ ገና ይጫወቱ ነበር። ጥንጓን በቆልማማ ዱላ እየመታ ከተቃራኒው ድንበር ያሳለፈ ወገን ያሸንፋል። የዚህኛውን መንደር ጨዋታ የሚመራው የባለጠጋው ታናሽ ወንድም ነበር። አንድ ዓመት ያሸንፋሉ፣ አንድ ዓመት ይሸነፋሉ። ተሸንፈውም ቢሆን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ባለጠጋውን በግጥም ሲሰድቡት ያመሹና ስቀው ይለያያሉ።

አንድ ዓመት ከማዶው መንደር አንድ ፈጣን ሰው ተነሣና ሦስት ጊዜ አከታትሎ አገባባቸው። የማዶው ባለጠጋ በሕዝብ ፊት ጋቢውን አውልቆ ለዚያ ሰው አለበሰው። የኛው ባለጠጋ ይህን አየ። ቤቱ ሲገባ የቀረበለትን ሥጋ አልነካም።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ።

«ጋቢውን ሲያለብሰው አላየሽም?»

«አንተም ጋቢ አለህ።»

«የማለብሰው ሰው ነው የሌለኝ» አላት።

በማግስቱ ሽማግሌ ልኮ ያንን ፈጣን ሰው አስጠራው፤ ጥማድ በሬ ሰጥቶ፣ ቤት ሠርቶ ወደ ራሱ መንደር አሻገረው። ማዶኛው በቅናት ነደደ። ከሌላ አገር፣ ጥማድ በሬና የምትታለብ ላም ከፍሎ፣ የባሰ ፈጣን አመጣ። የኛው ላሟን ሁለት አደረገ። ማዶኛው መሬት ቆርሶ ሰጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዋጋው ሲወጣ፣ ዱላ አያያዝ የማያውቀው ሁሉ «እኔስ ስንት አወጣለሁ?» እያለ ደጃቸውን ያጣብብ ጀመር። አንድ ጊዜማ የኛው ባለጠጋ በመስኖ የሚለማ መሬቱን ለአንድ ግዙፍ ሰው ሰጠ። ሰውዬው ግን አንድም ቀን አልተጫወተም፤ ጥግ ይዞ እየተመለከተ ይውላል። «ካላጫወትከው ለምን አመጣኸው?» ቢሉት፣ «ማዶኛው ሊወስደው ነበራ!» አለ።

በመጨረሻ ወንድሙን አስጠራው።

«ዘንድሮ አንተ አትገባም» አለው።

ወንድምየው ዱላውን እንደያዘ ቆመ። «ጋሼ፣ እዚያ መስክ ላይ ጥርሴ የወለቀው ለማን ብዬ ነው?»

«ካንተ የሚሻል ሰው በአራት ላም አምጥቻለሁ።»

«እኔን ማንም ገዝቶኝ አያውቅም» አለ ወንድምየው። «ለካ የረከስኩብህ ለዚህ ነው።»

ዱላውን ደጃፉ ላይ አስደግፎ ሄደ። አብረውት ይጫወቱ የነበሩት የመንደሩ ሰዎችም በዚያ ዓመት አንዳቸውም ወደ መስኩ አልወረዱም። ማዶኛው ደግሞ የሚሰጠው አልቆበት የገዛቸው ሁሉ ጥለውት ሄደው ስለ ነበር፣ የገዛ መንደሩን ገበሬዎች ይዞ ወጣ።

የኛው ባለጠጋ አሸነፈ። ስድስት ለአንድ አሸነፈ። ስድስተኛዋ ስትገባ ጋቢውን አውልቆ ብድግ አለ፤ ዞር ቢል ከኋላው ሚስቱና ጥቂት ሎሌዎች ብቻ ናቸው። የገዛቸው ሰዎች ዱላቸውን ሰብስበው ምሳ የት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጩኸትና ዘፈን የተነሣው ከማዶ በኩል ነበር። ያችን አንዷን ያገባላቸውን ሰው፣ ቦርጫም ራሰ በራ ገበሬ ነው፣ ትከሻቸው ላይ አውጥተው መስኩን ይዞሩ ነበር።

«አሸነፍክ እኮ!» አለችው ሚስቱ ፊቱን አይታ።

«ያ ራሰ በራ» አላት፣ «ስንት ያወጣል?»

ወዲያው ሽማግሌዎቹን ላከ፤ አምስት ላምና ከቀረው መሬት ግማሹን እሰጠዋለሁ ብሎ። ገበሬው እንግዶቹን አስቀምጦ በጥሞና ሰማቸው።

«እኔ መሮጥ እንኳ አልችልም» አላቸው። «ዛሬም ጥንጓ ራሷ እግሬ ሥር መጥታ ነው የመታኋት። ጌታችሁ የፈለገው እኔን አይደለም፤ የተሸከሙኝን ነው። እስቲ የነሱን ትከሻ ስንት እንደሚለው ጠይቁልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰማ ያፍራል ብለው ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ጥቂት አሰበና፣ «ስንት ሆነው ነበር የተሸከሙት?» አላቸው።

አየህ ይታገሱ፣ የጠየቅኸኝ የአውሮፓ ቡድን ባለቤቶችም እንደዚህ ሰው ናቸው። ዋጋው በየዓመቱ የሚወጣው ተጫዋቹ በየዓመቱ ስለሚፈጥን አይደለም፤ የሰው እግር ያው የሰው እግር ነው። ማዶ ያለው ሰው ስላየው ነው የሚወደደው። ቅናት ደግሞ የሚሸጠውን ሁሉ ገዝቶ ሲጨርስ የማይሸጠውን ዋጋ መጠየቅ ይጀምራል። በነሱ ብቻ አትፍረድ። ተጋጣሚያችሁ ያንን አጥቂ ገዛ የተባለ ዕለት ከዲኤስቲቪ ቤት መጥተህ እህል ሳትቀምስ መተኛትህን እናትህ ነግራኛለች። አጥቂውን አታውቀው፣ እሱም አያውቅህ።

ቅዳሜ ከቄራው ጀርባ የሰፈራችን ቡድን ይጫወታል። ባለፈው አራት ለባዶ ሲሸነፉ እዚያው ቆሜ ነበር። ግብ ጠባቂያችን አናጢው ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት፣ ደግፈን ቤቱ ያደረስነው ሦስት ሽማግሌዎች ነን። አንተ አልነበርክም።