የይመር ፒካፕና ታጣፊው ፔዳና

ተረት መጣ። «ይምጣ» በሉ። ከመጣ ደግሞ እስኪያልቅ አትነሡ።

ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ በወሎ ቆላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ይመር የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ ነበረ። ይመር አንድ ነጭ ፒካፕና አንድ አባት ነበሩት። አባቱ እንድሪስ ይባላሉ። ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። በዚያ ዘመን ብረትና እንስሳ እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር። ሰው ግን ያኔም አይሰማቸውም ነበር።

በፒካፗ ጎን፣ በበሮቹ ሥር፣ ሰው ረግጦ የሚወጣበት ረጅም ብረት ነበረ። ሾፌሮች ፔዳና ይሉታል። ዝገት የጀመረው፣ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ወሬ የማያበዛ ብረት ነበር። ይመር ሽንኩርት ጭኖ ሊሄድ ሲል መኪናው ውስጥ ይገባና በሩን ይዘጋል። አባቱ ፔዳናው ላይ ይወጡና በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ራሱን ይዘው ይመርቁታል። በሩ ሳይዘጋ አይመርቁም። «በሩን ያልዘጋ ሰው ገና አልተነሣም። ያልተነሣ ሰው ምን ተብሎ ይመረቃል?» ይሉ ነበር። ራስን ሳይነኩ ከሩቅ መመረቅንም አይወዱም። «ያ ወሬ ነው» ይላሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ይመር ወንዝ መሻገር እንዲመቸው ፒካፗን ከፍ አስደረጋት። ፒካፗ ከፍ ስትል ፔዳናውም አብሮ ከፍ አለ። የሽማግሌው እግር አልደርስ አለ። አንድ ዓርብ መስጊድ ሊያደርሳቸው ይመር አባቱን አቅፎ አስገባቸው። ጎረቤት አየና ሳቀ።

«ሙሽራው ወጡ! እልል በሉ እንጂ!»

እንድሪስ ግን አልሳቁም። «ስማ ይመር። ሁለተኛ እንዳታቅፈኝ። በእግሬ ካልወጣሁ ቤቴ እቀራለሁ።»

እንዳሉትም ቤታቸው ቀሩ። መስጊድ ቀረ፤ ምርቃቱም ከመሬት ላይ ሆነ። ይመርን ይህ ከበደው። ከተማ ወርዶ ታጣፊ ፔዳና ገዛ። በሩ ሲከፈት በራሱ ወርዶ ከመሬት አጠገብ የሚቆም፣ በሩ ሲዘጋ በራሱ ታጥፎ ከመኪናው ሥር የሚገባ ነው።

ሽፈራው የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ገጠመው። አሮጌውን ፔዳና ፈትቶ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ጣለው። አዲሱን አሠረ፤ ከባትሪው ሽቦ ሳበ፤ ሌላ ሽቦ ከበሩ ጋር አገናኘ። ከዚያ እጁን ጠረገና ጠየቀ።

«ወርዶ እንዲቀር ስትፈልግ የምትጫነው ማብሪያ አለው። ልግጠምልህ?»

«የት ነው የሚገጠመው?»

«ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ትንሽ መብሳት ነው።»

«ዳሽቦርዴንማ አትንካብኝ! ላስቲኩ እንኳ ገና አልተላጠም።»

«የመኪና ላስቲክ ለልጅ ልጅ ታወርሳላችሁ እናንተ» አለ ሽፈራው። ማብሪያውን ከነካርቶኑ ለይመር ሰጥቶት ሄደ። ይመርም ከወንበር ሥር አስቀመጠው።

በማግስቱ ዶሮ መጣች። ፔዳና ላይ መስፈር ልማዷ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር አዲሱ ፔዳና ወርዷል። ሰፈረችበት። ይመር በሩን ዘጋው፤ ፔዳናው ታጠፈ፤ ዶሮ በጀርባዋ ወደቀች።

«ምነው ወንድሜ? ‹ልታጠፍ ነው› አይባልም?»

«በሩ ተዘጋ። በሩ ሲዘጋ እታጠፋለሁ» አለ ፔዳናው።

ቀጥሎ ፍየል መጣች። ከኋላ የተጫነው የሽንኩርት ቅጠል ሸቷት የፊት እግሮቿን ፔዳናው ላይ ሰቀለች። በሩ ተዘጋ፤ ፔዳናው ታጠፈ፤ የፍየል ቅልጥም ተላጠ።

«አንተ ታጣፊ ነህ ወይስ ቀጣፊ?» ብላ ጮኸች።

«በሩ ተዘጋ። በሩ ሲዘጋ እታጠፋለሁ።»

ይመር ፍየሏ ስታነክስ አየ። የጎረቤት ውሻ የነከሳት መሰለው። ውሻው ላይ ድንጋይ ወረወረና ሥራውን ቀጠለ።

አሮጌው ፔዳና ከወደቀበት ሆኖ ሁለቱንም አይቷል። ዝም ማለት አልቻለም።

«ስማኝ ልጄ። ሽማግሌው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚቆሙብህ። ያን ጊዜ እንዳትታጠፍ።»

«አንተ ለማን ነበር ያደርከው?» አለው አዲሱ።

«ለእግር። እግር ሲመጣ ነበርኩ፤ እግር ሲሄድም ነበርኩ።»

«ለእግር አድረህ የደረስክበት ይኸው ዶሮ ቤት ነው። እኔ ያደርኩት ለበር ነው። ሽቦዬ ከበር ጋር ታስሯል። እግር የሚሉትን አላውቅም።»

አሮጌው ፔዳና በሩን ለመነ። በሩ «እኔ ሲስቡኝ እዘጋለሁ» አለ። ባትሪውን ለመነ። ባትሪው «እኔ ሲጠይቁኝ እሰጣለሁ» አለ። ፒካፗን ለመነ። ፒካፗ «እኔ ሲነዱኝ እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ የሚለምነው አጣ።

ዓርብ ደረሰ። በሩ ተከፈተ፤ ፔዳናው ወረደ። እንድሪስ አንድ እግራቸውን አሳረፉ። ሌላውንም አሳረፉ። ማንም ሳይነካቸው ገብተው ተቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

«ምነው ዛሬ እልልታው ጠፋ?» አሉ እንድሪስ በመስኮቱ ብቅ ብለው። ይመር አባቱ እንዲህ ሲስቁ ካየ ቆይቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ይመር ሽንኩርት ጭኖ ሊነሣ ሲል አባቱ ከቤት ወጡ። ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈውታል።

«እግሬ ተመልሷል። ዛሬ እንደ ዱሮው ነው የምመርቅህ።»

«አባባ፣ ከመሬት ይበቃል። ጉልበትዎን አያድክሙ።»

«ከመሬት ስመርቅህ ምን አተረፍክ? ሽንኩርትህ በሰበሰ። ግባና ዝጋው።»

ይመር ገባ። ሽማግሌው በሩ ገና ክፍት ሳለ ከበሩ ኋላ ባለው የፔዳናው ጫፍ ላይ ወጡ። ይመር በሩን ዘጋው። ታጣፊው ፔዳና በሩ ከተዘጋ በኋላ ለአንድ አፍታ ይቆያል፤ ሥሪቱ እንዲያ ነው። በዚያች አፍታ የአባት እጅ በመስኮቱ ገብቶ የልጅን ራስ ያዘ።

«ሂድ፣ በሰላም ግባ። ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። መንገዱን ያ…»

ሞተሩ ተነሣ። ፔዳናው ታጠፈ። እጁ ከይመር ራስ ላይ ተንሸራተተ።

የሽማግሌው የዳሌ አጥንት ተሰበረ። ይመር አቅፎ ሲያነሣቸው እንዳያቅፋቸው አልተናገሩም። 

ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ክርክር ሆነ። ዶሮና ፍየል «አንተ ነህ የጣልካቸው» ብለው አዲሱ ፔዳና ላይ ጮኹበት።

«በሩ ተዘጋ። በሩ ሲዘጋ እታጠፋለሁ» አለ ፔዳናው።

«የይመር እጅ ሳበኝ» አለ በሩ።

«አባትየው ‹ዝጋው› አሉት» አለች ፒካፗ።

«እሳቸውም ያሉት ልማዳቸው ስለሆነ ነው» አለ ባትሪው።

አሮጌው ፔዳና ሁሉንም ሰማ። አንዱም አልዋሸም። ማብሪያው ከነካርቶኑ ከወንበሩ ሥር እንደነበረ ነው፤ እሱም ማንም ስላልጠየቀው አልተናገረም።

እንድሪስ ከዚያ ወዲያ አልቆሙም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ከቀብር በኋላ ይመር ለቅሶ የሚደርሱ አሮጊቶችን በፒካፗ አመጣቸው። በሩን በከፈተ ቁጥር ፔዳናው በዝግታ ወረደ። አሮጊቶቹ እየረገጡ ወጡ፤ እየረገጡ ወረዱ።

«እንዴት ያለ ምቹ ነገር ነው እናንተ! ለሽማግሌ የተሠራ ነው የሚመስለው» አለች አንዷ።

«ለአባቴ ነበር የገዛሁት» አለ ይመር።

«አላህ ይስጥህ ልጄ። አባቱን እንዲህ ያከበረ ልጅ የት ይገኛል?»

ይመር በሩን ዘጋው። ፔዳናው ታጠፈ።

ተረቴን እዚህ አወረድኩት፤ የሰማ ይሸከመው። ለበር ያደረ መርገጫ የሰው እግር አያውቅም።